ገንዘቡና ስሙ

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጆሃንስበርግ ሰሜን በምትገኘው አሌክሳንድራ፣ የክላርኔትና የሳክስፎን ዋጋ የማይቀመስ የሆነባቸው ልጆች በጥቂት ሳንቲም የቆርቆሮ ዋሽንት ገዝተው ከሸክላ የሰሙትን የአሜሪካ ስዊንግ መንገድ ዳር ይነፉ ነበር። ዋሽንቱን አፋቸው ውስጥ ዘንበል አድርገው ሲይዙት ድምፁ ይወፍራል። ክዌላ የተባለው ሙዚቃ ያደገው በእነሱ እጅ ነው።

ጃክ ሌሮሌ ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነው። እሱና ጓደኞቹ በ1956 የቀዱት «ቶም ሃርክ» በ1958 በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ። ለነፊዎቹ የደረሳቸው ግን የአንድ ጊዜ ክፍያ ነው፤ ደራሲ ተብሎ የተመዘገበውም የቀረጻ ኩባንያው ሰው ሩፐርት ቦፓፔ ሆነ።

ተበደሉ ማለት ይቀላል። ኩባንያውም የሚመልሰው አያጣም፦ የማይሸጥ ሸክላ ኪሳራው የእሱ ነው፣ ልጆቹም ዋጋውን ተስማምተው ተቀብለዋል። የተራበ ሰው ስምምነት ስምምነት አይደለም እንዳይባል፣ ድሃን እንደ ሕፃን መቁጠር ይሆናል (ደጋግ ሰዎች ይህን ያበዙታል)። በሌላ በኩል ስፖክስ ማሺያኔ ወደ ጋሎ ኩባንያ ተሻግሮ ከሽያጩ ድርሻ ማግኘቱ፣ ሌላ ዓይነት ውል በዚያው ዘመን ይቻል እንደነበር ያሳያል። ስለ ገንዘቡ እንግዲህ መከራከር ይቻላል።

ስለ ስሙስ? ትንፋሹን የሸጠ ሰው ዜማውን ማን እንደፈጠረው አብሮ አልሸጠም። ያ የሆነ ነገር ነው፤ ገዢና ሻጭ ተስማምተው የሚለውጡት አይደለም።

የዚያው ከተማ ልጅ ኪፒ ሞኬትሲ በክላርኔት ጀምሮ ወደ አልቶ ሳክስፎን የተሻገረ ነው። ከሂዩ ማሴኬላ፣ ከዶላር ብራንድና ከሌሎች ጋር በ1960 ባወጣው የጃዝ ኤፒስልስ አልበም ላይ የራሱ ድርሰት አለ፤ ርዕሱ «የዕቃ ማጠቢያ ክፍል» እንደማለት ነው። ጥቁር ሙዚቀኞች በነጮች ክለብ ተጫውተው እራታቸውን የሚበሉት ጓዳ ነበርና። ኪፒ በ1983 ሲሞት ሀብት አልነበረውም፤ ያንን ጓዳ ግን በገዛ ስሙ አስመዝግቧል።

የእኛው ጌታቸው መኩሪያ ነገሩን ያወሳስበዋል። ክላርኔትና ሳክስፎን ነፊው ጌታቸው ሽለላን ወደ መሣሪያው ሲያመጣ የማንንም ፈቃድ አልጠየቀም፤ የሽለላ ባለቤት አይታወቅማ። ታዲያ በምን ይለያል? ሽለላን ያወጡት ሰዎች ልጆች አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ይሰሙት ነበር። ከየት እንዳመጣው ሊሰውርባቸው አይችልም፤ አልፈለገምም። ለንደን ላይ «ቶም ሃርክ»ን የገዛ ሰው ግን ስለ ደራሲው ሸክላው ላይ ከታተመው በቀር የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።