ቅርስና ዕዳ

ጅማን በአንድ ቀን ላይ ብዬ ጠዋት ከመንደራ ቆጪ ተነስቼ ሙዚየሙን፣ ከሰዓት ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ማታ ደግሞ የባህል ጭፈራ አየሁ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለው በርጩማ እንዴት ያምራል!

አንድ ጥያቄ ግን ከነከነኝ። እ.ኤ.አ. በ1932 ያረፉት ዳግማዊ አባ ጅፋር በነገሡበት ዘመን፣ የሂርማታ ገበያ ከቡናና ከዝባድ ጋር ሰውም ይሸጥበት ነበር። የጅማ ብቻ ነውር አልነበረም፤ በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። የንጉሡን ስም ሁላችንም እናውቃለን። የተሸጠውንስ ማን ብለን እንጥራው?

ታዲያ አናድንቅ? እናድንቅ እንጂ! ግን ቅርሱን የወረሰ ዕዳውንም ይወርሳል። እስቲ ጅሬን የምትሄዱ፣ በርጩማውን አድንቃችሁ ስትጨርሱ አስጎብኚውን ስለ ሂርማታም ጠይቁት።