ስትሰበሰቡ ማሳ ላይ ይሁን

ልጄ፣ የአባትህን የቡናና የእንሰት ማሳ ያለ ኬሚካል አለማለሁ ብለህ መነሳትህ አስደስቶኛል። ይበልጥ ደስ ያለኝ ግን ጌዴኦ ውስጥ እንዳንተ ከሚያለሙት ጋር መሰብሰብ መጀመርህ ነው። ይህ ሥራ ለብቻ የሚገፋ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ከአገራችን በተላከ ቡና ላይ ከሚፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝታ ገበያው ክፉኛ ተናግቶ ነበር። ነገሩ ሲጣራ ጣት የተቀሰረው በማሳው ላይ ሳይሆን ቡናው በታሸገበት ጆንያ ላይ ነው። አስበው እስቲ፤ ገበሬው በማሳው ላይ አንዲት ጠብታ ሳይረጭ ቡናው መርዝ አለበት ይባላል። ስለዚህ ስትሰበሰቡ ስለ ጆንያ አውሩ። ማዳበሪያ የነበረበት ከረጢት ከቤታችሁ ይውጣ፤ አረም ማጥፊያ የተረጨበትን መርጫም አትዋዋሱ።

የእንሰቱ ነገርም ያው ነው። አጠውልግ የተባለው በሽታ ከተክል ወደ ተክል፣ ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚሄደው ባብዛኛው በቢላዋ ነው። የታመመውን የቆረጥክበትን ስለት እሳት ላይ ሳትለበልበው ጤነኛውን ከነካህ፣ በሽታውን በገዛ እጅህ አሻገርከው ማለት ነው። አንተ ተጠንቅቀህ ቢላዋህን የተዋሰህ ጎረቤትህ ካልተጠነቀቀ ድካምህ ከንቱ ነው። ቢላዋው ቤት ለቤት የሚዞር ከሆነ እውቀቱም አብሮት መዞር አለበት።

አዳራሽ ውስጥ ብቻ የሚያልቅ ስብሰባ ግን አልወድም። በወሬ የሚቀርብ ኮምፖስት ሁልጊዜ ያማረ ነው። ይልቅ ከክምሩ ዘንድ ሂዱና መሀሉ ላይ የተተከለውን ዱላ ንቀሉ። በእጅህ ጨብጠው። ሞቆና ወርዝቶ ከወጣ ሥራ ላይ ነው። ሞቆ ደረቅ ከሆነ ውሃ ጠምቶታል። ቀዝቅዞ፣ ርሶና ሸቶ ከወጣ ውሃ በዝቶበታልና ገልብጡት፤ ጭድና ደረቅ ቅጠል ጨምሩበት። ይህን አንዴ በእጁ የዳሰሰ ሰው ሌላ ሥልጠና አያሻውም።

ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በትግራይ ከገበሬዎች ጋር የሠሩትን እወቅ። ኮምፖስት የገባበት ማሳ ምንም ካልገባበት በብዙ ቦታ እጥፍ ያህል ምርት ሰጠ፤ የኬሚካል ማዳበሪያ ከተጨመረበትም ብዙ ጊዜ በለጠ። ይህ የታወቀው በግምት አልነበረም፤ ከየማሳው በሜትር ካሬ እየተለካ፣ እየታጨደና እየተመዘነ ነው። እናንተም መዝኑ። «ዘንድሮ ጥሩ ነው» የሚል ወሬ ማንንም አያስተምርም።

ሌላው፣ እናትህን ይዘሃት ሂድ። የትኛው እንሰት ጥሩ ቆጮ እንደሚወጣው፣ የትኛው በሽታ እንደሚችል ከሴቶቹ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ብዙ ስብሰባ ላይ ግን ቡና ሲያፈሉ እንጂ ሲናገሩ አላይም። ትልቅ ኪሳራ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

የምስክር ወረቀቱን ነገር በአጭሩ ልንገርህ። ወደ አውሮፓ «ኦርጋኒክ» ተብሎ የሚሸጥ ቡና የሽግግር ጊዜው ሦስት ዓመት ነው። ብዙ ወጣት እዚህ ላይ ይሰለቻል፤ ልፋቱ አለ፣ የዋጋ ጭማሪው ገና አልመጣም። ያን ጊዜ የሚያጸናህ ባልንጀራህ ነው። ወረቀቱም ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ለማኅበሩ ስለሆነ አንዱ ተደብቆ የረጨው በሁላችሁም ላይ ይቆጠራል። ስለዚህ ጎረቤትህ አረም በርትቶበት መርጫውን ሊያነሳ ሲል አትክሰሰው። ባልንጀሮችህን ሰብስበህ ደቦ ግባለት። አረሙ በአንድ ቀን ካለቀለት ለምን ይረጫል?

ስትናገርም ያማረልህን ብቻ አትዘርዝር። ሰው የሚጠቀመው ካልሆነልህ ነገር ነው፤ የት፣ መቼ፣ ምን ካደረግህ በኋላ እንዳልሆነ ከነገርከው። የሽማግሌውን ቃል አክብር፣ ግን «ለምን?» ብለህ ጠይቅ። እኛም ከአባቶቻችን የሰማነውን ሁሉ ፈትነነዋል ማለት አይደለም።

የሚቀጥለውን ስብሰባ በማሳህ ላይ የማስተናገዱ ተራ ያንተ ነው አሉኝ። እንግዲያው በዋንዛው ጥላ ሥር ካሉት ከለምለሞቹ ቡናዎች አትጀምር። ባልንጀሮችህን በቀጥታ ከታች በኩል ቅጠላቸው ቢጫ ወደሆነባቸው ውሰዳቸው፤ አካፋና ዶማም አዘጋጅ፣ ሥሩን ቆፍረው ሳያዩ ምክር እንዳይሰጡህ።