ጥፋቱ የአውታሩ ነውን?

በአንድ የሙዚቃ መሣሪያ ላይ የሚሰማ እንግዳ ድምፅ ከወዴት ይመነጫል? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የሙያተኛ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። በጥልቀት ሲመረመር ግን የሥነ ምግባርም ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። ሰው ጉድለት በሰማ ቁጥር ሁለት ተግባሮች ይጠብቁታል፤ አንደኛው ጉድለት መኖሩን ማወቅ፣ ሁለተኛው ተጠያቂውን መለየት ነው። የመጀመሪያውን ጆሮ ይፈጽመዋል። ሁለተኛውን የሚፈጽመው ፍርድ ነው፤ ፍርድ ደግሞ ከጆሮ ይልቅ ለስሕተት የተጋለጠ ነው።

ከጉና ደጋ ተነሥቶ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆዎች በሚወርደው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ምድር ይህ ጥያቄ የዕለት ተዕለት ጥያቄ ነው። በነፋስ መውጫ ብርድ የተቃኘ መሣሪያ ቆላ ወርዶ ሠርግ ሲያደምቅ ጠባዩን ይለውጣል። በደጋው ጭጋግና በክረምቱ እርጥበት ቆዳው ውሃ ስቦ ይላላል፤ በቆላው ሐሩር ደርቆ ይወጠራል። እንጨቱም በእርጥበት ያብጣል፣ በድርቀት ይኮማተራል። ስለዚህ በደጋ አጥብቆ ይዞ የነበረው መቃኛ ቆላ ሲደርስ ይላላል። ያን ጊዜ፣ ሁሉም ነገር ደኅና መስሎ ሳለ፣ ከክራሩ አንድ ያልተጠራ ጥዝዝታ ይሰማል።

የዚህ ጥዝዝታ ልዩ ጠባይ ሁልጊዜ አለመሰማቱ ነው። አምስቱ አውታሮች በየተራ ሲመቱ አራቱ ጥሩ ይሰጣሉ፤ አንደኛው ሲነካ ብቻ ይንጫጫል። ያልሠለጠነ ሰው ወዲያውኑ «ይህ አውታር ተበላሽቷል» ብሎ ይፈርዳል። እውነታው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው። ማንኛውም የላላ ነገር የራሱ የሆነ የንዝረት ልክ አለው። ከአውታሮቹ አንዱ በዚያው ልክ ሲንቀጠቀጥ፣ የላላው ነገር ያለበት ቦታ ሩቅ ቢሆን እንኳ፣ ንዝረቱ በእንጨቱና በቆዳው ውስጥ አልፎ ይደርሰውና ይቀሰቅሰዋል። ጥፋቱ ያለው በላላው መቃኛ፣ በቀንበሩና በምሰሶው መጋጠሚያ፣ በብርኩማው ያልተስተካከለ መቀመጫ፣ ወይም ተርፎ በተንጠለጠለ የአውታር ጫፍ ላይ ነው። አውታሩ ያደረገው ነገር ቢኖር ተደብቆ የነበረውን ልልነት ማሰማት ብቻ ነው። በጊታርም ዘንድ ነገሩ አንድ ነው፤ በሆዱ ውስጥ ሙጫው የለቀቀ አንድ ደጋፊ እንጨት በአንድ ድምፅ ላይ ብቻ ይጮኻልና ስንት ደኅና ክር በከንቱ ያስለውጣል።

ሆኖም ጥዝዝታ ሁሉ ጉድለት ነው ማለት አይደለም። ለዚህ ከበገና የተሻለ ምስክር የለም። የበገና ደርዳሪ በእያንዳንዱ አውታርና በብርኩማው መካከል እንዝራ የተባለውን ቁራጭ ቆዳ ያስገባል። አሥሩ አውታሮች እንደ ንብ መንጋ የሚያሰሙት ያ ጥልቅ ጥዝዝታ ከዚህ የተነሣ ነው፤ እንዝራው ቢወጣ በገናው ለዛውን ያጣል። እንግዲህ በክራር ላይ ሲሰማ የሚያሳፍረው ድምፅ በበገና ላይ ሲሰማ ለጸሎት የተገባ ይሆናል። ከዚህ የምንረዳው አንድ ድምፅ «አላስፈላጊ» የሚባለው በራሱ ባሕርይ እንዳልሆነ ነው። የሚለየው ማን እንዳስቀመጠው፣ ለምን ዓላማ እንደተቀመጠና ኃላፊነቱን የሚወስድ መኖር አለመኖሩ ነው።

በእንግዳ ድምፅ ፊት ሰው የሚሠራቸው ስሕተቶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው አለመስማት ነው፤ ተጫዋቹ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጥዝዝታውን ይሸፍነዋል፣ ልልነቱም እየሰፋ ይሄዳል። ሁለተኛው ማፈን ነው፤ በገበቴው ውስጥ ጨርቅ ይጠቀጥቃል፣ ጥዝዝታው ከዜማው ጋር አብሮ ይሞታል። ሦስተኛውና እጅግ የከፋው የጮኸውን መቅጣት፣ አውታሩን በጥሶ መጣል ነው። የአገሩ ሰው ይህን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይለዋል።

ሦስተኛው ስሕተት በመሣሪያ ላይ ብቻ ሳይወሰን በሰው ላይ በተፈጸመ ጊዜ ምን እንደሚሆን የኢትዮጵያ ታሪክ ያውቃል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለና በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ጭፍጨፋው ከተፈጸመ በኋላ፣ የፋሺስቱ ሹም በከተማይቱና በአካባቢዋ የሚገኙ አዝማሪዎች ከጠንቋዮችና ከአስማተኞች ጋር እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ። ጥፋታቸው የወራሪው አገዛዝ ያበቃል የሚል ወሬ በሕዝቡ መካከል ማሰማታቸው ነበር። ወራሪው በግዛቱ ላይ እንግዳ ድምፅ ሰማ፤ መስማቱስ ትክክል ነበር። ነገር ግን ድምፁ ከአዝማሪው ማሲንቆ የመነጨ መሰለው። የላላው የራሱ ቤት፣ በግፍ ላይ የቆመው አገዛዙ ነበር። ማሲንቆዎቹ ዝም አሉ፤ ጥዝዝታው ግን አልቆመም፣ በ1933 ዓ.ም. ቤቱ ፈረሰ።

ይህ ምሳሌ ከጠላት የመጣ ስለሆነ ለመፍረድ ይቀላል። የሚከብደው በወገን መካከል ሲሆን ነው። በስብሰባ ላይ አንድ ሰው «ሥራው አልተሠራም» ብሎ ሲናገር፣ አዳራሹ የሚዞረው ወደ ሥራው ሳይሆን ወደ ተናጋሪው ነው። በክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ «አልገባኝም» ሲል መምህሩ ትምህርቱን ሳይሆን ተማሪውን ይመረምራል። ሌሎቹ አርባ ተማሪዎች ዝም ማለታቸው ስለ ገባቸው ላይሆን ይችላል። አንድ ሠዓሊ የጎዳናውን ልጅ በሣለ ጊዜም «ለምን ጎዳና ላይ ወጣ?» ከሚለው ይልቅ «ለምን ተሣለ?» የሚለው ቀድሞ ይጠየቃል።

በአንጻሩ ጥፋት ሁልጊዜ ከሌላ ቦታ ነው ማለትም ሌላ ስሕተት ነው። አውታር ያረጃል፣ ይፈተላል፣ ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ ይለወጣል። አሉባልተኛም አሉባልተኛ ነው። ልዩነቱን የሚያወጣው ግምት ሳይሆን ፍለጋ ነው። ፍለጋውም ቀላል ሥርዓት አለው፤ ጥዝዝታ የሚቀሰቅሰው አውታር ደጋግሞ ይመታል፣ በሌላው እጅ ጣት እያንዳንዱ መጋጠሚያ በየተራ ይጫናል። ጣቱ ባረፈበት ቦታ ድምፁ ከቆመ ጥፋቱ እዚያ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ፍለጋው የሚሳካው አውታሩ መጮኹን ሲቀጥል ብቻ መሆኑ ነው። አውታሩን ዝም ያሰኘ ፈላጊ መንገድ መሪውን ገድሏል።

ይሁንና የሚፈልገው ጆሮ ራሱ ጠማማ ቢሆንስ? ለዚህ ጥያቄ የጋይንት ምድር የቆየ መልስ አለው። በጋይንት ቤተልሔም ድጓ፣ በዚያው በጋይንት ዙር አምባም ዝማሬና መዋሥዕት ይመሰከራሉ። በሌላ ጉባኤ ለዓመታት የተማረ ሰው ሳይቀር ወደ ቤተልሔም መጥቶ በመምህሩ ፊት እያዜመ ይታረማል። የተሳሳተ ተማሪ ከጉባኤው አይባረርም፤ ዜማው ከየት እንደተጣመመ ተፈልጎ ይቃናል። አራሚው መምህርም አስቀድሞ በሌላ መምህር ፊት ቆሞ የታረመ ነው። የጆሮው ሥልጣን የመጣው ከሹመቱ ሳይሆን ራሱ ከመታረሙ ነው።

እንግዲህ ኃላፊነት የተጣለበት ሰው ሁሉ፣ ካድሬም ይሁን መምህር፣ የኪነት ሰውም ይሁን ሐያሲ፣ እንግዳ ድምፅ በሰማ ጊዜ የመጀመሪያ ግዴታው ጣቱን በራሱ መጋጠሚያ ላይ ማሳረፍ ነው። ድምፁ እዚያ ከቆመ ፍለጋው አበቃ፤ የሚቀረው ማጥበቅ ብቻ ነው። እዚያ ካልቆመ ወደ ሚቀጥለው መጋጠሚያ ይሻገራል። ቢላዋ የሚነሣው ጣት ሁሉንም ቦታ ከዳሰሰ በኋላ ነው።