እንቁላሉን በእግሩ ያስኬደው ማን ነው?

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን። ትምህርት ለከበደው ልጅ፣ ደመወዝ አልጨመር ላለው ሠራተኛ፣ የእቁብ ዕጣ ለዘገየበት ነጋዴ ሁሉ ይህችኑ እንሰጣለን። ደግ ተረት ናት። ዶሮዋን ግን አታነሳም። እንቁላል ስለቆየ ብቻ አይፈለፈልም፤ 21 ቀን ያህል ታቅፋ የምታሞቀው፣ እያገላበጠች የምትጠብቀው እናት ስላለችው ነው። ብርድ ላይ የተረሳ እንቁላልም ቀስ በቀስ ይለወጣል፤ ይገማል።

እኔ ይህን ተረት የምፈትነው በሳይካስ ነው። በቂርቆስና በካዛንቺስ በየሆቴሉ በርና በየበረንዳው በቫዞ ተተክሎ የሚታየው፣ ብዙ ሰው ዘንባባ የሚለው ተክል ነው። ዘንባባ ግን አይደለም። አበባ ሳያብብ ዘር የሚሰጥ በመሆኑ ዝምድናው ከጽድና ከዝግባ ጋር ነው። የመጣው ከደቡብ ጃፓን ነው። ብዙውን ጊዜ በዓመት አንድ ዙር ቅጠል ያወጣል፤ ካልተመቸው ዓመቱን ዘልሎ ያልፋል። ግንዱ አንድ ሜትር እስኪሞላ የተከለው ሰው ልጆች አድገው ያገባሉ። ከእሱ የባሰ ቀስ ባይ በሰፈሩ የለም።

ካዛንቺስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይበርዳል። ሳይካስ ግን ከዚያ የበረታ ብርድም ይችላል። የሚገድለው ብርድና ውኃ ሥሩ ላይ ሲገናኙ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ በየቀኑ ይወርዳል፣ ፀሐይ ትጠፋለች፣ አፈሩ ይቀዘቅዛል፣ ሥሩ መጠጣቱን ያቆማል። ቫዞው በጥቁር አፈር ብቻ ከተሞላና ከታቹ የተቀመጠው ሳህን ውኃ ካቆረ፣ መበስበሱ ውስጥ ውስጡን ይጀምራል። ቅጠሉ ቢጫ የሚሆነው ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። ያኔ ባለቤቱ «ጠምቶት ነው» ብሎ ውኃ ይጨምርበታል። ግንዱ በጣት ሲጫኑት ከለሰለሰ ነገሩ አልቋል። ተረቷ የማትነግረን ይህንን ነው፤ ጥፋትም ቀስ በቀስ ይሄዳል።

እንግዲህ ዶሮዋ ምን ታድርግ? አፈሩ ውኃ እንዲያሳልፍ ሬድ አሽ በብዛት ይደባለቅበት። ቫዞው ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው፤ ሁለት ጡብ ላይም ከፍ ይበል። ክረምት ላይ ከጣሪያ ጠርዝ ሥር ይግባ። ቦታው የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ አጠገብ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀን የሞቀ ግድግዳ ማታ ሙቀቱን ይመልሳል። በበጋ ጣት አፈሩ ውስጥ ጠልቆ ደረቅ ሲያገኝ በደንብ ይጠጣ፤ እስኪደርቅ ደግሞ ይተው። አዲሱ ቅጠል ሲወጣ ከመሐሉ ቡናማ ጸጉር የለበሱ፣ ጫፋቸው የተጠቀለለ ለስላሳ ቅጠሎች በአንድ ላይ ብቅ ይላሉ። በነዚያ ሳምንታት ቦታውን አትቀያይሩት። ጨለማ ከሆነበት ቅጠሉ ረዝሞ ይቀጥናል፤ ያ ቅርጽ ለዓመታት አይቃናም። የሆቴል ሳሎን ውስጥ የሚታዩት ቅጠላቸው የተንዘረፈፈ ሳይካሶች ብርሃን የተነፈጉ ናቸው፤ ሳያቸው አዝናለሁ።

ለተረቷ የሚመሰክርም አለ። ለንደን በሚገኘው በኪው የዕፅዋት ማዕከል ዕፅዋት ሰብሳቢው ፍራንሲስ ማሰን እ.ኤ.አ. በ1775 ከደቡብ አፍሪካ ያመጣው የሳይካስ ዘመድ እስከ ዛሬ በቫዞ ውስጥ በሕይወት አለ። የግንዱ ርዝመት 4 ሜትርን እምብዛም አያልፍም። እዚያ ኮን የሚባለውን የመራቢያ አካሉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1819 አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ያቆየው ግን የእንግሊዝ አየር አይደለም፤ ትውልድ ለትውልድ እየተቀባበለ የመስታወት ቤቱን ያሞቀለት ሰው ነው። በተቃራኒው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1895 በደቡብ አፍሪካው የንጎዬ ጫካ የተገኘ ሌላ ዘመዱ አለ። የተገኘው ወንዱ ብቻ ነው፤ ሴቴዋ እስከ ዛሬ አልታየችም። ከጎኑ የሚወጣው ቡቃያ እየተነሳ ተባዛ እንጂ የራሱን ዘር አላየም። አውራ ያልነካውን እንቁላል ዶሮም ብትታቀፈው፣ ዘመንም ቢረዝምለት አይሄድም።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ አልጋና ፍራሽ በጫኑ ኢሱዙዎች ላይ ቫዞዎች አይቻለሁ። መሬት ላይ የተተከለው ቀረ፤ በቫዞ ያለው ከባለቤቱ ጋር ሄደ። ብዙዎች ወደ ገላን ጉራ፣ ሌሎችም ወደየዕጣቸው ተበተኑ። ለብዙ ዓመት የተጠበቀ ተክል አዲስ በረንዳ ላይ ሲደርስ ዕድሜው አያድነውም፤ የሚያድነው የባለቤቱ ዓይን ነው። ስለዚህ ይዛችሁት የወጣችሁ ሁሉ፣ ክረምት ላይ ቫዞ አትቀይሩለት፤ የካቲት ወይም መጋቢት ይድረስ። አረንጓዴውን የታች ቅጠል ለውበት ብላችሁ አትቁረጡ፤ ተክሉ ምግቡን ከዚያ ይመልሳል። ሁሉም ክፍሉ፣ በተለይ ዘሩ፣ መርዛማ ነውና ሕፃንና ውሻ ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡት።