አረጋውያንን ሥራ አለማስፈታት

ኢየሱስ ወልደ ሲራክ በመጽሐፉ በ3ኛው ምዕራፍ፣ ልጅ አባቱን በእርጅናው ዘመን እንዲረዳው፣ አእምሮው ቢጐድልበት እንኳ እንዲታገሠው፣ በራሱም ብርታት ተመክቶ እንዳይንቀው ያስተምራል። ይህ ትዕግሥት በቤታችን በምን ይገለጣል?

በአንጋጫና በከምባታ አገር ሁሉ የቤት መሠረቱ እንሰት ነው። አንዲት እናት ዕድሜዋን ሙሉ እንሰት ስትፍቅ፣ ቆጮውን በጕድጓድ ስታብላላ፣ ቡላውን ስታጠልል፣ ቃጫውን ስታሰጣ ኖራለች እንበል። ካረጀች በኋላ ግን የልጇ ስም ይጠፋባታል፤ ምሳ መብላቷን ትዘነጋለች፤ በቤቷ ተቀምጣ ሳለች ‹‹ወደ ቤቴ ውሰዱኝ›› ትላለች። ያን ጊዜ ልጆቿ ‹‹እማማ፣ እርስዎ ይረፉ›› እያሉ የለመደችውን ሥራ ሁሉ ከእጇ ይወስዱባታል። ይህን የሚያደርጉት ከፍቅር የተነሣ ነው፤ ሆኖም ከዚያች ቀን ጀምሮ እናቲቱ በገዛ ቤቷ እንግዳ ትሆናለች።

ይህ ደዌ እርግማን አይደለም፤ የአእምሮ ሕመም ነው። ከመንሥኤዎቹ ዋነኛውን ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዝሃይመር በ1906 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ገልጦታል። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠፋው የቅርቡ ትዝታ ነው፤ እጅ በብዙ ዘመን ልማድ የተማረው ግን ቆይቶ ይገኛል። ስለዚህ በውጭ አገር በአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች ‹‹ኦኩፔሽናል ቴራፒ›› የተባለውን ሙያ የተማሩ ሰዎች፣ በሽተኛው ቀድሞ ምን ይሠራ እንደ ነበር ጠይቀው ለዐቅሙ የሚስማማውን ይሰጡታል። በአገራችንም በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እንደ ተመሠረተው እንደ መቄዶንያ ያሉ፣ ጧሪ ያጡትን የሚሰበስቡ ማእከሎች አሉ። በአንጋጫ ግን አረጋዊ የሚጦረው በልጁ ቤት ነውና ይህ ሙያ የልጅና የምራት ድርሻ ነው።

ቢላዋውን ከአጠገቧ አርቁ፤ እሳቱንም ጠብቁ። ቃጫውን ግን ስጧት፤ ትለየው፣ ታበጥረው። ባቄላም ትልቀም። በየቀኑ በዚያው ሰዓትና በዚያው ቦታ አንድ ሥራ ብቻ ይቅረብላት። ‹‹ረሱት እንዴ?›› እያላችሁ አትፈትኗት፤ ከፊቷ ተቀምጣችሁ ጀምሩላት፣ እጇም ይከተላል። ብታበላሽ አትቈጧት፤ ዳግመኛ መሥራት ቢያስፈልግም እርሷ ሳታይ ይሁን። ከዚህ ላይ የብዙዎቻችን ትዕግሥት ያልቃል፤ ጊዜያችንን ያባከነች ይመስለናልና።

ያረጁ ካህንም ቢሆኑ፣ መቀደስ ባይቻላቸው መቋሚያውን ይዘው በማኅሌቱ ይቁሙ፤ የጐረቤታቸውን ስም የረሱ አባት ዜማውን ሊያስታውሱ ይችላሉ። ሲደክማቸው ይቀመጡ። መርሳቱ በድንገት የመጣ እንደ ሆነ ግን ሌላ ደዌ ሊኖር ይችላልና አስቀድማችሁ ወደ ሐኪም አድርሷቸው።