አያትየው የመረጡት ጥላ

በቢሾፍቱ ሐይቆች አካባቢ የሚኖሩ አንድ አባት ሴት ልጃቸውን በጥር ሊድሩ ተሰናዱ። "አዳራሽ አልፈልግም፤ ሰማይ እያየሁ ልሞሸር" ብላ ስለለመነቻቸው ሁለቱን ወንዶች ልጆቻቸውን ጠርተው፣ "ለእህታችሁ ቦታ ፈልጉ" አሏቸው።

ታላቁ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ የሐይቁ አፋፍ ላይ ወጣ። ውኃው እንደ መስታወት ረግቷል፤ ቅጠል አይነቃነቅም። "ከዚህ ወዲያ ቦታ የት አለ?" ብሎ ተመለሰ።

ታናሹ ምሳ እስኪበላ ቆየና አያቱን፣ "እማማ፣ ይነሡ እንሂድ" አላቸው። በአንድ እጁ ዱካ፣ በሌላው ክንዳቸውን ይዞ በእሳቸው እርምጃ ተራመደ። ዳገት ሲሆን ቆሙ፤ ጠጠር ሲበዛ ተመለሱ። ከመኪና መንገዱ ብዙም የማይርቅ አንድ ሾላ ሥር ሲደርሱ፣ "እዚህ አስቀምጠኝ" አሉት። ስምንት ሰዓት ሆኗል። ከአፈሩ ቆንጥረው ወደ ላይ በተን አደረጉና አቧራው የሄደበትን አዩ። "ድስቱ በዚያ ወዲያ ይጣድ፤ በዚህ ከሆነ ጭሱ ሙሽራዋን ያስለቅሳታል።" የጥላውን ጠርዝ በምርኩዛቸው አሰመሩ። ጥቂት ቆይተው ሲያዩት ጥላው መስመሩን አልፏል። "ወንበሩን ጥላው ወደሚመጣበት በኩል ደርድሩት" አሉ።

በማግሥቱ አባትየው ሁለቱንም ቦታ በስምንት ሰዓት ሄደው አዩ። አፋፉ ላይ ነፋሱ ጋቢያቸውን ሊገፍፋቸው ታገለ፤ አብሯቸው የወጣው የታላቁ ልጃቸው ድምፅ እንኳ በደንብ አልሰማ አላቸው።

"እናቴስ በየት በኩል ይወጣሉ?"

"ተሸክመን እናወጣቸዋለን።"

ይህ ለአያትየው ሲነገራቸው፣ "የሚሸከሙትማ ዕቃ ነው፤ እኔ የተጠራሁት ለእንግድነት መስሎኝ" አሉ።

ዳሱ ሾላው ሥር ተጣለ።

ይህን የማወጋው የሠርግ ወራት በደረሰ ቁጥር ስለሚከነክነኝ ነው። ጥር 11 ጥምቀት ከዋለ በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ ሰዉ ሁሉ ለመዳር ይጣደፋል። ዝናብ ስለሌለ ሜዳው ደህና ይመስላል። ግን በዚያ ወቅት ጠዋት ጸጥ ያለው አየር ከቀትር በኋላ ይነሣል፤ ፀሐይም ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል የዛፍ ጥላ ቀትር ላይ ወደ ሰሜን፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሸሻል። ጠዋት ያየነው ቦታና ሠርገኛው የሚቀመጥበት ቦታ አንድ አይደሉም። እነ ሆራና ቢሾፍቱ ሐይቅ ደግሞ በእሳተ ገሞራ የተቦረቦረ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ናቸው፤ ዓይን የሚስበው ውበታቸው የገደል ውበት ነው፣ ለጉልበት አይራራም። ሙሽራዋን አዝላ ያሳደገች አያት፣ ቁልቁለቱ አልሆንላት ብሎ ቃል ኪዳኑ ሲፈጸም መኪና ውስጥ መቅረቷ ያንገበግበኛል። ድሮ ዳስ በደጅ ሲጣል ዓይኗ የማያይ ጎረቤት እንኳ ግድግዳ ዳብሳ ትመጣ ነበር።

አፋፉም ቢሆን ሳይታይ አልቀረም። በሠርጉ ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነፋሱ ሲበርድ ሙሽሮቹ ሁለቱ ብቻ ወጥተው ፎቷቸውን ተነሡ። አያትየው ከሾላው ሥር፣ ዱካቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ነጩን ቬሎ በሩቁ አይተው እልል አሉ።