የሚያልቀው በማን እጅ ነው?

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት እስከ ዛሬ ያቆየው ቤት መምታቱ ይመስለኛል። «ታውቅ» እና «ያልቅ» ጆሮ ላይ ይገጥማሉ፤ የገጠመ ነገር ደግሞ እውነት ይመስላል። ሽማግሌ ሸንጎ ላይ ይጠራዋል፤ ወንድም የእኅቱን አፍ ይዘጋበታል፤ አንዳንዴ ሴቶቹ ራሳቸው እየሳቁ ይሉታል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ተረቱ ሴት አታውቅም አላለም። ማወቋን አምኖ ነው የሚጀምረው። ነገሩ ያለው «ያልቅ» ላይ ነው።

ማለቅ ሁለት ፊት አለው። ጉዳይ ሲያልቅ ይቋጫል፤ እህል ሲያልቅ ግን ጎተራው ባዶ ይቀራል። ተረቱን የሚጠቅሱት ሰዎች የመጀመሪያውን ማለታቸው ነው። ተረቱ ግን ሁለተኛውንም ሳይናገር አልቀረም፤ በሌላ ሰው ቃል የሚቋጭ ዕውቀት ውሎ አድሮ ይመናመናልና።

ተረቱን ቡሌ ይዤው ልውጣ። ቡሌ በጌዴኦ ዞን፣ ከዲላ ሽቅብ የሚወጡበት ደጋ ነው። ቡናው ወደ ታች ይቀራል፤ ላይ ብርድ፣ ጭጋግ፣ ገብስ፣ ቀርከሃና እንሰት አለ። ተረቱ እዚህ እንግዳ ነው። በአማርኛ የመጣ፣ በግምቴም በሬና ሞፈር ባለበት አገር የተወለደ ነው። እርፉን የሚጨብጠው ወንድ በሆነበት ማሳ የዓመቱ ነገር በወንድ ያልቃል ቢባል አይገርምም። እንሰት ግን ሌላ ነው።

ተከላውና ማዛወሩ በአብዛኛው የወንድ ሥራ ነው። እንሰቱ ዓመታት ቆጥሮ ሲደርስ ሴቶቹ ይረከቡታል። ሳንቃውን አዘንብላ ታቆማለች፤ መሬት ተቀምጣ አንድ እግሯን ሽቅብ ሰቅላ ልጡን በተረከዟ ሳንቃው ላይ ትይዘዋለች፤ ከዚያ በቀርከሃ ትፍቀዋለች። ቃጫው ለብቻ ይወጣል፤ የተጨመቀው ውኃ ሲጠል ከሥሩ ቡላ ይቀራል። ሌላው ከተፈጨው ሥር ጋር ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ገብቶ ይብላላል፤ ቆጮ የሚሆነው እሱ ነው። እርሾውን የምታዘጋጀው፣ ጉድጓዱ መቼ ተከፍቶ መቼ እንደገና መሸፈን እንዳለበት የምታውቀው፣ ቆጮው መብሰል አለመብሰሉን በጠረኑ የምትለየው እሷ ናት። የትኛው የእንሰት ዓይነት ለምግብ፣ የትኛው ለተሰበረ አጥንት እንደሚሆንም ታውቃለች። እዚህ ሴት አውቃ በሴት ያልቃል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ብዙ የተወራው ስለ ዛፉና ስለ ቡናው ነበር፤ ያን ጥቅጥቅ ያለ ሕዝብ የሚቀልበው ግን ከዚህ ጉድጓድ የሚወጣው ነው።

ሌላም ጉድጓድ አለ። በጌዴኦና በጉጂ አፈ ታሪክ ከወንዶቹ ሥርዓት በፊት አገሩን ሴት ትገዛ ነበር። የመጨረሻዋ ገዢ አኮ ማኖዬ ትባላለች። ወንዶቹን የማይቻል እያዘዘች ብታስመርራቸው ጉድጓድ ቆፍረው፣ ላዩን ሸፍነው፣ በአክብሮት ጋብዘው ከተቷት ይባላል። አተራረኩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ተረቱ ቃል በቃል የተፈጸመው እዚህ ነው፤ ሴት አወቀች፣ በወንድ አለቀች። ይህን የሚተርኩልን በብዛት ወንዶች መሆናቸውን ግን ልብ ይሏል። ክፋቷ ሲዘረዘር የሚበዛው፣ ለአወራረዷ ምክንያት ስላስፈለገ ይመስለኛል።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ ተረቱ ሕግ ሆኖ እናገኘዋለን። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 635 ባልን የቤተሰብ አለቃ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ይደነግግ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ንብረትን በማፍራትና በማስተዳደር፣ በመሬት አጠቃቀምና በውርስ እኩል መሆናቸውን አጸና። በ1992 የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ቤተሰቡን ሁለቱም በእኩልነት እንዲመሩ አደረገ። ከጋራ ንብረት የማይንቀሳቀሰውን ለመሸጥ የሁለቱን ስምምነት ጠየቀ፤ የሚንቀሳቀሰውንም ከ500 ብር በላይ ከሆነ እንደዚያው። ለእኔ የእኩልነት ትልቁ በዓል ይህች 500 ብር ናት። ማንም ቲሸርት አላሳተመላትም እንጂ፣ «ያልቅ» የሚለውን ቃል በብር ልክ የተከራከረችው እሷ ናት።

የማርች 8 ሰልፉን አልነቅፍም፤ ደስ ይላል። ሆኖም «ሴቶችን እናንቃ» የሚለው መፈክር ቡሌ ላይ ያሳቅቀኛል። የነቃችውን ሴት ማንቃት ምን ይሉታል? የጎደለው መቋጫው ላይ መቀመጫ ነው። የመሬት ደብተሩ ላይ ስሟ መስፈሩ፣ የሳጥኑ ቁልፍ ለእሷም መገኘቱ፣ የቀበሌ ስብሰባው እንሰት ፍቃ ከመጨረሷ በፊት አለመጠራቱ።

አንድ ስጋት አለኝ። የእንሰት መፋቂያና መጭመቂያ ማሽን የሠሩ ተቋማት አሉ፤ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ነው። ወገብ የሚቆርጠውን ሥራ የሚያቀል ነገር ይባረክ። ግን የወፍጮን ነገር አንርሳ። «ሴት ለቤት፣ ወፍጮ ለዱቄት» ሲባል መጁ በእናቶቻችን እጅ ነበር። ሞተሩ ሲመጣ ድካማቸውን አቀለለ፤ ገንዘብ ተቀባዩ፣ ሚዛን ያዡ፣ የወፍጮ ቤቱ ጌታ ግን ወንድ ሆነ። የእንሰቱ ማሽንም ቡሌ ሲወጣ በማን ስም እንደሚወጣ ከወዲሁ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለሴቶች ማኅበር በብድር ቢሰጥ፣ ሴት ልጆች በማስነሣቱና በጥገናው ቢሠለጥኑ፣ ቆጮው ዲላ ገበያ ሲወርድ ዋጋውን የምትቆርጠው ያው የፋቀችው ብትሆን።

እስከዚያው ቡሌ ላይ እንግዳ ገብቶ አባወራውን «ጉድጓዱ ደርሷል ወይ?» ቢለው፣ መልሱ ወደ ጓሮ አንገት ማዞር ነው፦ «እሷን ጠይቋት።» በሬው ስንት ይሸጥ ሲባል አንገቱ አይዞርም።